ስለ ራውተር አያያዝና ያለ አግባብ ስለተነገረ አንድ ቃል

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የቀረበ ንግግር፤ በስብሰባው ላልተገኙት እንዲደርስ በሰሌዳው ላይ የተለጠፈ)




 የዛሬው ንግግራችን እንደ ወትሮው ስለ ውኃ ወይም ስለ ፍሳሽ አይደለም። በየቤታችን ቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ አንዳንዱም ቤት ብፌው ላይ ዳንቴል ለብሳ ስለምትቀመጠው፣ መብራቷ ብልጭ ድርግም ስለሚለው ትንሽ ሣጥን ነው። ራውተር ይሏታል።

ስለ እርሷ የምንናገርበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ ብዙዎቻችን በየወሩ እየከፈልንባት ሥራዋን ሳናውቅ በመቅረታችን፣ ጎረቤት ከጎረቤት እየተቀያየመ መምጣቱ ነው። ሁለተኛውና ዋናው ግን፣ እኛ የማኅበሩ ኮሚቴ ራሳችን ባለማወቅ በአንድ ልጃችን ላይ የሠራነው በደል ስላለ፣ እርሱን በተሠራበት በዚሁ አዳራሽ ለማንሣት ነው። ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ካላስረዳን ይቅርታውም ባዶ ቃል ይሆናልና፣ ጥቂት ታግሣችሁ እንድታዳምጡን እንለምናለን። እኛ እንደምታውቁን ከስድስተኛ ክፍል ያልዘለቅን ሰዎች ነን። የምንናገረውም የሚያውቁትን ጠይቀን፣ በዓይናችን አይተን የተረዳነውን ብቻ ነው።

እንደሚታወቀው አራዳ ለአዲስ ነገር እንግዳ ሆና አታውቅም። ስልክ በዳግማዊ አጤ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ሲገባ፣ ብዙ ሳይቆይ ድምፁን ከሰሙት ሰፈሮች አንዷ ይህችው አራዳ ናት። ኢንተርኔት የሚባለው ደግሞ በ1989 ዓ.ም. ገባ። ያን ጊዜ በስልክ ሽቦ እየተደወለ የሚገኝ ነገር ነበርና፣ ኢንተርኔቱ ሲከፈት ስልኩ ይያዝ ነበር። ከዚያም በፒያሳ ፎቆች ላይ በደቂቃ እየከፈልን ከውጭ አገር ላሉ ልጆቻችን ደብዳቤ የምናስጽፍበት ጊዜ መጣ። ዛሬ ግን መሥመሩ ቤታችን ድረስ ገብቷል፤ አንዳንዱ በመዳብ የስልክ ሽቦ፣ አንዳንዱ ፋይበር በሚሉት እንደ ፀጉር በቀጠነ የመስተዋት ክር።

መሥመሩ ለእኛ ሰፈር የቅንጦት ነገር አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በአካባቢው የኮሪደር ልማት ሥራ ሲካሄድ ስንቱ ጎረቤታችን ወደ ሌላ ሰፈር እንደተዛወረ ሁላችን እናውቃለን። አብረን ቡና ስንጠጣ የኖርን ሰዎች ዛሬ የምንተያየው በስልክ መስተዋት ነው። ስንት አያት የልጅ ልጇን ፊት የምታየው በዚህችው ሣጥን አማካይነት ነው። ስለዚህ መሥመሩ ሲንቀረፈፍ የሚቆረጠው ፊልም ብቻ አይደለም፤ ዝምድናም ነው።

አሁን ወደ በደላችን እንምጣ።

ማኅበራችን ባለፈው ዓመት ለጽሕፈት ቤቱ አንድ መሥመር አስገባ። በመዳቡ ሽቦ የሚመጣው ዓይነት ነው። አንድ 12ኛ ክፍል የሚማር የሰፈራችን ልጅ ያለ ምንም ክፍያ ሣጥኗን ገጠመልን፤ ፓስወርዱንም በወረቀት ጽፎ አስረከበን። የጥናት ቦታ የሌላቸው ተማሪዎችም ማታ ማታ እየመጡ ይጠቀሙበት ጀመር። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን መሥመሩ በተለይ ከ12 ሰዓት በኋላ እየተንቀረፈፈ አስቸገረን። አንድ ሰው ረድቶን የሣጥኗን ዝርዝር ብናይ የ21 መሣሪያዎች ስም ተጽፎ አገኘን። እኛ የፈቀድነው ለ9 ብቻ ነበር።

ታዲያ ምን አደረግን? አልጠየቅንም፣ አላጣራንም። «ፓስወርዱን ከእርሱ በቀር ማን ያውቀዋል?» ብለን፣ በወሩ ስብሰባ ላይ በእናንተው ፊት ልጁን አቁመን፣ «ለሰው ሸጠኸዋል» አልነው። ልጁ «ጋሼ፣ አልሸጥኩም» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልተናገረም። ከዚያች ዕለት ጀምሮ እዚህ አዳራሽ አልረገጠም። እናቱም ከማኅበሩ ቡና ቀርታለች።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት በኔትወርክ ሥራ ላይ ያለች የሰፈራችን ልጅ ቤተሰብ ልትጠይቅ መጥታ፣ ችግራችንን ሰምታ አንድ ማታ ከሣጥኗ ጋር ተቀመጠች። ያስረዳችንን ነገር እኛም እንደገባን እንናገራለን።

ራውተር ማለት እንደ ፖስታ ሣጥን ቁጥር ያለ ነገር ነው። በአገራችን ደብዳቤ በየበሩ አይታደልም፤ አንድ መሥሪያ ቤት አንድ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ይኖረዋል፤ ተላላኪው ደብዳቤውን ሁሉ ከዚያ አምጥቶ ለየባለቤቱ ያድላል። ራውተርም እንዲሁ ናት። ውጭው ዓለም ቤታችንን የሚያውቀው በአንድ አድራሻ ብቻ ነው። በውስጥ ግን ሣጥኗ ለእያንዳንዱ ስልክ፣ ለእያንዳንዱ ቴሌቪዥን የራሱን የቤት ቁጥር ትሰጣለች፤ የማን ጥያቄ እንደነበረ መዝግባ ይዛ መልሱን ለጠየቀው ታደርሳለች። የራሷ ቁጥር በብዙ ዓይነቶች ላይ 192.168.1.1 ነው። ይህ ቁጥር በፒያሳም፣ በጎንደርም፣ በዋሽንግተንም ባሉ ቤቶች ይገኛል፤ የውስጥ ቁጥር ስለሆነ አይጋጭም።

ይህ የውስጥ ቁጥር ታዲያ ለዘለቄታው አይደለም፣ በኪራይ ነው የሚሰጠው። ኪራዩ አንዳንድ ጊዜ ለአንድ ቀን ሙሉ ይሆናል። እንግዳ መጥቶ ለአምስት ደቂቃ ተጠቅሞ ቢሄድ እንኳ፣ የኪራዩ ጊዜ እስኪያልቅ ድረስ ስሙ ከዝርዝሩ ላይ ሊቆይ ይችላል። ካየናቸው 21 ስሞች ውስጥ 5ቱ እንዲህ መጥተው የሄዱ ነበሩ። ሦስቱ ደግሞ የእኛው ሰዎች ስልኮች ናቸው፤ ሁለት ጊዜ ተቆጥረዋል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የወጡ ስልኮች ባለቤታቸው እንዳይከታተሉት በማለት እውነተኛውን የመሣሪያ መለያ ደብቀው ሌላ መለያ ያሳያሉ። መሥመሩን «እርሳ» ብሎ እንደገና የገባ ስልክ በአዲስ መለያ አዲስ ሰው መስሎ ሊጻፍ ይችላል። የፈቀድናቸው 9ኙ ሲደመሩ 17 ሆኑ ማለት ነው።

የቀሩት 4ቱ እውነትም እንግዶች ነበሩ። ግን በማን በኩል ገቡ? ከእኛው ከኮሚቴው አንዱ ለዘመዱ ስልክ ፓስወርዱን በዚያች ባለ ነጠብጣብ አራት ማዕዘን ምስል አሳይቶት ኖሯል፤ ዘመዱ ለጓደኛው፣ ጓደኛው ለሌላው። አንድ ጊዜ ከእጅ የወጣ ፓስወርድ እንደ ተነገረ ምሥጢር ነው፣ አይሰበሰብም።

መንቀርፈፉስ? እዚህ ላይ ነው ያፈርነው። መሥመሩን የጨረሱት እነዚያ አራት እንግዶች አልነበሩም። እኛው በበሩ ላይ የሰቀልናቸው ሁለት ካሜራዎች ነበሩ። ቀንና ሌሊት ምስል ወደ ውጭ ይልካሉ፤ ሲመሽ ደግሞ የቀኑን ቅጂ ጨምረው እንዲልኩ ተደርገው ተገጥመዋል። በመዳቡ ሽቦ የሚመጣ መሥመር መቀበያው ሰፊ፣ መላኪያው ግን ጠባብ ነው። እኛ ከውጭ ለምንቀበለው ነገር ደግሞ «ደርሶኛል» የሚል ደረሰኝ ወደ ላኪው መመለስ አለበት፤ ያ ደረሰኝ የሚሄደው በዚሁ በጠባቡ መላኪያ ነው። መላኪያው በካሜራ ምስል ሲጨናነቅ ደረሰኙ ይዘገያል፤ ደረሰኙ ሲዘገይ ላኪው ቆሞ ይጠብቃል። ልጅቷ የካሜራዎቹን የምስል ጥራት ዝቅ አድርጋ፣ የማታውን ቅጂ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ እንዲልኩ ብታደርገው፣ በዚያው ማታ መሥመሩ ተስተካከለ።

የተከበራችሁ ነዋሪዎች፤ ነገሩ ይኸው ነው። ልጁ አልሸጠም። ሌባ ያልነው ንጹሕ ነበር፤ ጥፋቱ የእኛ ካሜራና የእኛ አፍ ነበር። ሽማግሌ ብንልክበት ልጁ ያለን እንዲህ ነው፦ «ይቅርታውን ተቀብያለሁ፤ ግን የተባልኩት በሰው ፊት ስለሆነ በሰው ፊት ይባልልኝ።» እውነቱን ነው። ስለዚህ ዛሬ በሰው ፊት ተነሥተን በድለንሃልና ይቅር በለን እንላለን። እናቱንም ይቅር በይን እንላለን። ይህ ቃል ላልሰሙት እንዲደርስ በሰሌዳው ላይ ተለጥፎ ይቆያል።

ይቅርታ ብቻውን ግን ሌላውን ግቢ ከተመሳሳይ ጠብ አያድንም። አንድ ቆጣሪ፣ አንድ ቧንቧ ለብዙ አባወራ በሆነበት በእኛ ግቢ፣ ዋይፋዩም እየተጋራ ነው። መጋራቱ መልካም ነው፤ ኖረንበታል። ሆኖም ሥርዓት ያስፈልገዋል። በመሆኑም ከዚህ በታች የተዘረዘሩትን ሁሉም ቤት እንዲፈጽም ማኅበሩ ያሳስባል።

1ኛ. ራውተር ሁለት ቁልፍ አላት፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነው። አንዱ ዋይፋይ የሚገባበት ፓስወርድ ነው። ሁለተኛው ሣጥኗን ራሷን ለማዘዝ የሚከፈትበት ነው። የመጀመሪያው የግቢ በር ቁልፍ ነው ብንል፣ ሁለተኛው የካዝናው ነው። ሁለቱም ከፋብሪካ ሲመጡ ብዙውን ጊዜ ከሣጥኗ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይጻፋሉ፤ ገልብጦ ያየ ሁሉ ያገኛቸዋል ማለት ነው። ሁለቱንም ለውጡ። ይህን ቀላል ነገር ነው እንዳትሉ። በ2009 ዓ.ም. ሚራይ የተባለ ተንኮለኛ ፕሮግራም በዓለም ዙሪያ ባሉ ካሜራዎችና ራውተሮች ላይ 60 ገደማ የሚሆኑ የፋብሪካ ስሞችንና ፓስወርዶችን እየሞከረ ብዙ መሣሪያዎችን ያዘ። በዚያው ዓመት ጥቅምት 11 ቀን እነዚያን መሣሪያዎች አስተባብሮ ባደረሰው ጥቃት በአሜሪካ ታላላቅ የኢንተርኔት አገልግሎቶች ለሰዓታት ተስተጓጎሉ። የመሣሪያዎቹ ባለቤቶች ቤታቸው ያለች ሣጥን ለክፉ ሥራ መዋሏን እንኳ አላወቁም ነበር።

2ኛ. የዋይፋዩን ጥበቃ ደብልዩ ፒ ኤ 2 ወይም 3 ላይ አድርጉት። ዌፕ የሚባለው አሮጌው ዓይነት ዛሬ እንደ ተሰበረ ቁልፍ ነው። ደብልዩ ፒ ኤስ የሚባለውን፣ በ8 አኃዝ ቁጥር የሚያስገባውን፣ አጥፉት። 8 አኃዝ ሲባል ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን ሣጥኗ ቁጥሩን በሁለት ከፍላ ስለምትመረምረው፣ 11 ሺህ ጊዜ የሞከረ ሰው መግባቱ እንደማይቀር በ2004 ዓ.ም. ታውቋል። ያን ያህል ሙከራ ለኮምፒዩተር ምንም አይደለም።

3ኛ. ለእንግዳ የእንግዳውን መሥመር ስጡ። ብዙዎቹ ራውተሮች ከዋናው ሌላ የእንግዳ ዋይፋይ መክፈት ይችላሉ። ስሙም ፓስወርዱም ለብቻው ነው። በዚያ የገባ ሰው ኢንተርኔት ያገኛል እንጂ የቤቱን ካሜራ ወይም ኮምፒዩተር አያገኝም፤ በአንዳንዶቹ ላይ ፍጥነቱንም መወሰን ይቻላል። እንግዳ ሳሎን ይቀመጣል እንጂ ጓዳ አይገባም አይደል? እንዲሁ ነው። የእንግዳውን ፓስወርድ በየወሩ ብትለውጡት የቤታችሁ ስልኮች አይነኩም።

4ኛ. ሣጥኗን ቦታ ቦታዋ ላይ አስቀምጡ። ዳንቴሉን አንሡላት፤ ትሞቃለች። ከወለል ከፍ አድርጋችሁ፣ ከቤቱ መሐል፣ ከብረት ቁም ሣጥንና ከማይክሮዌቭ ምድጃ አርቁ። የእኛ ሰፈር አሮጌ ቤቶች ግድግዳቸው ወፍራም ነው፤ የቆርቆሮ ክዳንና ግድግዳም ሞገዱን ይመልሰዋል። ሣጥኗ 2.4ና 5 የሚባሉ ሁለት ሞገዶች ካሏት፣ 2.4ቱ ግድግዳ አልፎ ይሄዳል ግን ቀርፋፋ ነው፤ 5ቱ ፈጣን ነው ግን ሩቅ አይሄድም። ለዚያው ክፍል ቴሌቪዥን 5ቱን፣ ለጓሮው ቤት 2.4ቱን። 2.4ቱ ደግሞ በቁጥር የተለዩ መተላለፊያዎች አሉት። ጎረቤታሞች ሁሉ በአንድ መተላለፊያ ላይ ከሆንን፣ በአንድ ክፍል ሁሉም በአንድ ጊዜ እንደሚያወራ ይሆናል። የማይደራረቡት 1፣ 6ና 11 ናቸው፤ ሦስት ቤቶች ተነጋግረው ቢከፋፈሏቸው ሁሉም ይጠቀማል።

5ኛ. ለልጆች ሰዓት ወስኑ። በሣጥኗ ውስጥ የትኛው መሣሪያ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ማዘዝ ይቻላል። ይህም ከሌሊቱ 6 ሰዓት ስልክ እየነጠቁ ከመጮኽ ይሻላል። ነገር ግን ለልጁ ነግራችሁ ይሁን፤ ከላይ እንዳልነው የስልክ መለያ ሊለዋወጥ ስለሚችል፣ ያለ ስምምነት የተዘጋ በር በሌላ በኩል ይከፈታል።

6ኛ. ከውጭ የሚገባበትን ዝጉ። ከሩቅ ሆኖ ሣጥኗን ማዘዝ የሚያስችለውን፣ መሣሪያዎች ራሳቸው በር እንዲከፍቱ የሚፈቅደውን፣ ካላስፈለጋችሁ አጥፉት። ሶፍትዌሯም አዲስ ሲወጣ ይታደስ።

7ኛ. ከኋላዋ ያለችውን በመርፌ የምትነካ ትንሽ ቀዳዳ አትንኩ። መሥመሩ ስለቀጠነ ብቻ ልጆች እርሷን ለ10 ሴኮንድ ያህል ይጫናሉ። ይህ ሁሉንም ነገር ከነአገልግሎት ሰጪው መግቢያ ስምና ፓስወርድ ሊደመስስ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ መሥመሩ ጨርሶ አይሠራም። ካስፈለገ ከሶኬት ነቅሎ ጥቂት ቆይቶ መሰካት ይበቃል። መብራት ሲጠፋም ንቀሏት፤ ሲመጣ በኃይል ሊመጣ ይችላልና። የመግቢያውን ስም በደብተር ጻፉና ከቤቱ ሰነድ ጋር አኑሩ።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልብ በሉ። መሥመሩን አሥር ሰው ቢጠቀምበትም፣ ከላይ እንዳስረዳነው ውጭው ዓለም የሚያየው አንድ አድራሻ ነው፤ ያ አድራሻ ደግሞ በአንድ ሰው ስም የተመዘገበ ነው። በመሥመሩ ለተሠራ ጥፋት መጀመሪያ የሚጠየቀው ያ ሰው ነው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም ያለ ፈቃድ ወደ ሰው የኮምፒዩተር ሥርዓት መግባትን ይቀጣል። ስለዚህ ከጎረቤት ጋር ከመጋራታችሁ በፊት ውላችሁን ተመልከቱ፤ ከተጋራችሁም ማን እንደሚከፍል፣ ማን ፓስወርድ እንደሚይዝ፣ ማን ለእንግዳ እንደሚሰጥ በግልጽ ተነጋገሩ። እድር ያለ ደንብ እንደማይቆም ሁሉ የግቢ ዋይፋይም አይቆምም።

ዝርዝሩ ላይ የማታውቁት ስም ቢገኝ ግን፣ እባካችሁ እንደ እኛ አትቸኩሉ። መጀመሪያ የየራሳችሁን ስልክ ዋይፋይ አንድ በአንድ አጥፉና ከዝርዝሩ የቱ እንደቆመ እዩ፤ የኪራዩ ጊዜ እስኪያልቅ አንድ ቀን ጠብቁ፤ ፓስወርዱን ለውጡና ማን እንደሚጠይቃችሁ ተመልከቱ። ይህ ሁሉ ብዙ ጊዜ አይፈጅም። የሰው ስም አንድ ጊዜ ከጠፋ ግን መልሶ ለማቅናት ስንት ወር እንደፈጀብን አይታችኋል።

ካሁን ወዲያ የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ለተማሪዎች የእንግዳ መሥመር ከፍቷል፤ ፓስወርዱም በየወሩ መጀመሪያ ይለወጣል። ልጃችን ፈቃዱ ከሆነ ሣጥኗን ማስተዳደሩን መልሰን ልናስረክበው ወስነናል። የካዝናዋ ቁልፍ በታሸገ ፖስታ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። ባይፈቅድም ቅሬታ የለንም፤ መብቱ ነው። በየቤታችሁ ይህን መፈጸም ያቃታችሁ እናቶችና አባቶች ካላችሁ ለኮሚቴው ንገሩን፤ የሚያውቅ ሰው ይዘን እንመጣለን።



የማኅበሩ ጸሐፊ